ከይፋት ቁልቁለት ሥር፦ ስለ ጥንታዊ ፕሉቶናዊ ዐለቶች የተደረገው ጥናት ታሪክ

ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ያደርሳል። መንገዱ ጀውሃንና ሰንበቴን አልፎ አጣዬ ሲደርስ፣ ተጓዡ በስተ ግራው የመንዝንና የግሼን ደጋ የተሸከመውን ገደል፣ በስተ ቀኙ ደግሞ እስከ አዋሽ የሚዘረጋውን ቆላ ያያል። በዚህ ሁሉ መንገድ ዐይን የሚያርፍበት ዐለት በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ጥቁሩ ባዛልት፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለው ራዮላይት፣ በመካከላቸውም ተጋግሮ ድንጋይ የሆነ የእሳተ ገሞራ አመድ። የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች በክረምት ከገደሉ እያንከባለሉ የሚያወርዱት ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። ግራናይት በመካከሉ አይታይም።

ይሁን እንጂ በየትምህርት ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ምድር ትምህርት ሲሰጥ አስቀድሞ የሚነሣው ጥንታዊው መሠረት ነው፤ ይኸውም ግራናይትና ናይስ፣ እንዲሁም ሌሎች በሙቀትና በግፊት የተለወጡ ዐለቶች ናቸው። አንድ የአጣዬ ተማሪ ከደጁ በሚያየው ተራራ ላይ ከቶ የማያገኘው ዐለት የአገሩ መሠረት ነው ሲባል፣ «በምን ታወቀ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም። መቶ ሰባ ዓመት ያህል የፈጀ፣ በግምት ተጀምሮ በመለካት የተስተካከለ ሥራ ነው። ጉዳዩ የመምህሩ ብቻ ሳይሆን የዕቅድ ባለሙያውም ጭምር ነው፤ ምክንያቱም ከይፋት ሥር ያለው ዐለት ዕድሜና ጠባይ፣ መሬቱ በዚህ ሥፍራ እንዴት እንደ ተሰነጠቀና ለምን እስከ ዛሬ እንደሚንቀጠቀጥ ከሚሰጠው ማብራሪያ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የስሙ ጉዳይ

ፕሉቶናዊ ዐለት የሚባለው፣ ቅልጥ ዐለት ወደ ገጸ ምድር ሳይወጣ በከርሰ ምድር ውስጥ ቀርቶ በዝግታ ሲረጋ የሚገኘው ነው። ስሙ ግሪኮችና ሮማውያን የከርሰ ምድር ገዥ አድርገው ከሚያመልኩት ከፕሉቶ የተወሰደ ነው። ቅዝቃዜው እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ፤ ከዚህም የተነሣ ፍሬዎቻቸው ያለ ማጉያ መነጽር ይለያሉ። ባዛልት ግን ወደ ውጭ ፈስሶ በቶሎ ስለሚረጋ ፍሬው ደቃቅ ነው። ግራናይት ከፕሉቶናዊ ዐለቶች አንዱ ብቻ እንጂ ሁሉም አይደለም፤ ግራኖዲዮራይት፣ ዲዮራይት፣ ሳይናይትና ጋብሮም የዚሁ ወገን ናቸው። ከሚለዩባቸው ነገሮች ዋናው የሲሊካ መጠን ነው፤ በግራናይት ውስጥ ከመቶ ሰባ ገደማ የሚደርሰው ሲሊካ በጋብሮ ውስጥ ወደ ኀምሳ ዝቅ ይላል።

የስም ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የአክሱም ሐውልቶች ከግራናይት የተጠረቡ ናቸው የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ በብዙ ሰው አፍና በብዙ ጽሑፍ ይገኛል። በምርመራ የታወቀው ግን ድንጋዩ ኔፌሊን ሳይናይት መሆኑ ነው፤ በውስጡ ኳርትዝ የለበትም፤ ኳርትዝ የሌለበት ዐለት ደግሞ ግራናይት ሊባል አይችልም። ለጠራቢው ልዩነቱ ምንም ላይሆን ይችላል። የዐለቱን አመጣጥ ለሚመረምር ሰው ግን ሁለቱ ስሞች ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ሳይመረመር የተሰጠ ስም ከምርመራው በኋላም ሳይለቅ የሚቆይባቸው ጊዜያት በሥነ ምድር ታሪክ ውስጥ ብዙ ናቸው።

ተጓዦችና ካርታ ነዳፊዎች

ይፋት ለውጭ ተመራማሪዎች በር የሆነው በጥንታዊው የንግድ መንገዱ ምክንያት ነው። በ1841 ካፒቴን ዊሊያም ሃሪስ የመሩት የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ በአልዩ አምባ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ወደ አንኮበር ደርሷል። በቡድኑ ውስጥ ዶክተር ሮት የተባሉ የተፈጥሮ ሳይንስ ዐዋቂ ነበሩ። ይሁንና የጉዞው ዋና ዓላማ ውልና ንግድ እንጂ የዐለት ጥናት አልነበረም። ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ኦብሪ የተባሉት ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ አፋርንና ሸዋን ዞረው የተመለከቱትን በ1886 አሳትመዋል። እነዚህ ሁሉ በይፋት ገደል ላይ የወጡና የወረዱ ናቸው፤ ያዩትም ዛሬ የሚታየውን የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው።

የጥንቱን መሠረት በሚገባ ለማየት ዕድል ያገኙት ዊሊያም ብላንፎርድ ናቸው። እርሳቸውም በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ የሥነ ምድር ባለሙያ ነበሩ። ጦሩ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌና በአዲግራት በኩል ወደ ደቡብ ሲጓዝ፣ ብላንፎርድ የአገሪቱን ዐለት ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ አዩት፤ ከሁሉ በታች ልውጥ ዐለትና ግራናይት፣ በእርሱ ላይ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ኖራ ድንጋይ፣ በስተ መጨረሻም የእሳተ ገሞራ ንጣፍ። በ1870 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ለእነዚህ ንጣፎች የአዲግራት፣ የአንታሎ፣ የአሸንጌና የመቅደላ የሚሉ ስሞችን ሰጥተዋል። የጦር መንገድ የሥነ ምድር ጥናት መስመር ሆኖ መቅረቱ የሚያስገርም ነው፤ ጦሩ በሌላ በኩል ቢያልፍ ኖሮ የዐለቶቻችን መጠሪያ ሌላ ይሆን ነበር።

ከብላንፎርድ በኋላ በሸዋም ሆነ በወሎ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል እንደ መሰላል ተጠቀመበት። በይፋት የሚታየው የመሰላሉ የላይኛው ደረጃ ብቻ ቢሆንም የታችኞቹ ደረጃዎች ከሥሩ መኖራቸው እንደማያጠራጥር ተቆጠረ። ሐሳቡ በመሠረቱ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የመጣው በዕድሜው ላይ ነው። በዚያን ዘመን ከደለል ወለድ ዐለቶች በታች የሚገኝ፣ ቅሪተ አካል የሌለው፣ የተጣመመና የተለወጠ ዐለት ሁሉ «አርኬያን» ይባል ነበር፤ ይኸውም ዕድሜው ከሁለት ተኩል ቢሊዮን ዓመት በላይ ከሆነው የምድር ዘመን ይመደባል ማለት ነው። ይህን ለማለት የተደረገ ልኬት አልነበረም። መልኩ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አሮጌ ነው ተባለ። ጣሊያናዊው ጆቶ ዳይኔሊ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሥነ ምድር እስከ ዘመናቸው የተጻፈውን ሁሉ አሰባስበው በ1943 በብዙ ቅጽ ሲያሳትሙ፣ መሠረቱን በራዲዮ ጨረር የመለካት ዘዴ ገና ወደዚህ አገር አልደረሰም ነበር።

ይህን ልማድ ያናጋው ከውጭ የመጣ ዜና ነው። አርተር ሆምስ በ1951 ባሳተሙት ጥናት ከሞዛምቢክ ጀምሮ ወደ ሰሜን የሚዘልቅ አንድ ረጅም የተራራ ግንባታ ቀበቶ መኖሩን አመለከቱ። ኬኔዲ ደግሞ በ1964 በአፍሪካ ሰፊ ክፍል ላይ የተገኙት የዐለት ዕድሜዎች አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ተሰብስበው መታየታቸውን አስተውለው ዘመኑን «ፓን አፍሪካዊ» ብለው ሰየሙት። ኢትዮጵያ የምትገኘው በሆምስ ቀበቶ ውስጥ ነው። እንግዲህ መሠረቷ በእርግጥ አርኬያን ከሆነ ከጎረቤቶቿ የተለየች መሆን ነበረባት።

በአገር ውስጥ ደግሞ ጥናቱን በቋሚነት የያዙ ተቋማት ተመሠረቱ። ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዝግጅት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ፣ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት የመሬት መንቀጥቀጥን መመዝገብ ጀመረ። ፖል ሞር የኢትዮጵያን ሥነ ምድር የሚመለከተውን መጽሐፋቸውን በ1962 በዚያው ኮሌጅ አሳተሙ፤ ለብዙ ዓመታትም የተማሪውና የመምህሩ ዋና መማሪያ ሆኖ ቆይቷል። በ1968 የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተቋቋመ። ካዝሚን ያዘጋጁት በ1 ለ2,000,000 የተነደፈው የአገሪቱ የሥነ ምድር ካርታም በ1973 ወጣ።

ካዝሚን መሠረቱን ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ የታችኛው፣ የመካከለኛውና የላይኛው ውስብስብ ብለው። የታችኛው እጅግ የተለወጠው ናይስ ሲሆን በአርኬያን ተመደበ፤ የላይኛው በመጠኑ ብቻ የተለወጠው የእሳተ ገሞራና የደለል ቅልቅል ሲሆን ወደ ቅድመ ካምብሪያን ማለቂያ ተጠጋ። አከፋፈሉ ለማስተማር እጅግ የተመቸ ነበር። ምቾቱም ሳይሆን አይቀርም ካዝሚንና ባልደረቦቻቸው ካሰቡት በላይ ዕድሜ የሰጠው፤ የመለወጥ ደረጃ የዕድሜ ምስክር ተደርጎ ተወሰደና፣ ብዙ የተለወጠ ሁሉ ብዙ ያረጀ ነው ወደሚል ድምዳሜ አመራ። ይህን የሚተች ሰው ግን የካዝሚንን ሌላውን ሥራ መዘንጋት የለበትም። በላይኛው ውስብስብ ውስጥ ተሰልፈው የሚገኙትን ጥቋቁር፣ ማግኒዚየም የበዛባቸውን ዐለቶች፣ የጠፋ የውቅያኖስ ወለል ስባሪዎች ናቸው ብለው በ1970ዎቹ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ውቅያኖስ ከነበረ ዳርቻም ነበረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ በዚያ ዳርቻ ላይ ምን ዓይነት ቅልጥ ዐለት ተፈጠረ የሚለው ሆነ።

የዚርኮን ምስክርነት

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው የዐለት ኬሚስትሪ ነው። በሁለት መንገድም ይመሰክራል፤ አንደኛው ስለ ዕድሜ፣ ሁለተኛው ስለ ትውልድ ሥፍራ።

በግራናይትና በመሰሎቹ ውስጥ ዚርኮን የተባለ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ማዕድን ይገኛል። ዚርኮን ሲፈጠር ጥቂት ዩራኒየም ይቀበላል፤ እርሳስን ግን አይቀበልም ለማለት ይቻላል። ስለሆነም ዛሬ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ በአብዛኛው ከዩራኒየም መበስበስ የመጣ ነው። የበለጠ የሚጠቅመው ግን ዩራኒየም ሁለት ዓይነት አተም ያለው፣ ሁለቱም በተለያየ ፍጥነት የሚበሰብሱ መሆናቸው ነው። ዩራኒየም 238 ግማሹ ለመበስበስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ዩራኒየም 235 ግን 704 ሚሊዮን ዓመት ብቻ። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ማስላት ይችላል። ዐለቱ የ600 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ቢኖረው፣ ከመጀመሪያው ዐይነት ከመቶ 9 ያህሉ፣ ከሁለተኛው ደግሞ ከመቶ 45 ያህሉ ወደ እርሳስ ተለውጧል። ዐለቱ አርኬያን ሆኖ 2,500 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ኖሮ ግን ቁጥሮቹ 32 እና 91 ገደማ ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ለክርክር ቦታ አይተውም። አንድ ሰዓት ሲያሳስት ሌላው ያጋልጠዋል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ውጤቱ የሚታመን ነው።

በምዕራብ ኢትዮጵያ ይህን ዘዴ ተጠቅመው ተክለወልድ አያሌውና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ1990 ያሳተሙት ጥናት ለአርኬያኑ አስተሳሰብ ትልቅ ፈተና ሆነበት። የለኳቸው ፕሉቶናዊ ዐለቶች ዕድሜ ከ830 እስከ 540 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። እጅግ አሮጌ ይባል የነበረው የምዕራቡ መሠረት ከኬኔዲ ፓን አፍሪካዊ ዘመንና ከዚያ ጥቂት ከሚቀድመው ጊዜ የሚመደብ ሆነ። የመለወጥ ደረጃ ብቻውን ዕድሜን እንደማይናገርም በዚሁ ተረጋገጠ፤ ጥልቅ የተቀበረ ዐለት በአጭር ጊዜም ብዙ ሊለወጥ ይችላልና።

ሁለተኛው ምስክርነት የትውልድ ሥፍራ ነው። አንድ የውቅያኖስ ወለል ከሌላ የምድር ቅርፊት ሥር ሲገባ፣ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ከቅርፊቱ በታች ያለውን ማንትል ያቀልጠዋል። በዚህ መንገድ የሚወለደው ቅልጥ ዐለት የተለየ ምልክት አለው፤ በውኃ በቀላሉ የሚጓጓዙት እንደ ባሪየምና ስትሮንሺየም ያሉት ንጥረ ነገሮች ይበዙበታል፤ ውኃ የማይወስዳቸው እንደ ኒዮቢየምና ታንታለም ያሉት ያንሱበታል። ዐለቱ ከረጋ በኋላ ውቅያኖሱ ቢደርቅ፣ ተራራው ተሸርሽሮ ሜዳ ቢሆን፣ ይህ ምልክት አይጠፋም።

ሌላው መለኪያ ስትሮንሺየም ነው። ሩቢዲየም በአህጉር ቅርፊት ውስጥ ይከማቻል፤ በጊዜ ብዛትም ወደ ስትሮንሺየም 87 ይለወጣል። ስለዚህ አሮጌ ቅርፊት ቀልጦ የተወለደ ግራናይት ሲወለድ ጀምሮ ስትሮንሺየም 87 የበዛበት ነው፤ ከማንትል በቀጥታ የመጣ ግን ያነሰበት ነው። የሰው ልጅ ከወላጁ የሚወርሰውን መልክ ያህል የታመነ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በትግራይ ከውቅሮ በስተ ሰሜን የሚገኘው የነጋሽ ፕሉቶን ነው። ነጋሽ በታሪክ የሚታወቀው በጥንታዊው የእስልምና መካንነቱ ነው፤ በሥነ ምድር ደግሞ በአገራችን በዝርዝር ከተመረመሩት ጥንታዊ ፕሉቶኖች አንዱ ነው። አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜው 608 ሚሊዮን ዓመት፣ የልኬቱም ስሕተት ሰባት ሚሊዮን ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። የመነሻው የስትሮንሺየም ጥመርታ በ0.702 እና በ0.704 መካከል ነው፤ ይህም አሮጌ ቅርፊት ብዙ እንዳልነካው ያስረዳል። ከዚህም ሌላ በነጋሽ ጥቁሩና ነጩ ቅልጥ ዐለት ሁለቱም ገና ሳይረጉ ተገናኝተው በከፊል ተቀላቅለዋል፤ ጥቁሩ በነጩ ውስጥ እንደ ጉብታ ተሸጉጦ፣ በድንበራቸውም ላይ የሁለቱ ድብልቅ የሆነ ዐለት ተፈጥሮ ይታያል። ተማሪዎችን ወደ ሥፍራው ወስዶ ለማሳየት ለሚችል መምህር፣ ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ የሚያስረዳ ነው።

በእነዚህና በመሰል ጥናቶች የተገኘው ሥዕል በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ዘመን፣ ዛሬ ሰሜንና ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሱዳን፣ ግብፅና ምዕራብ ዓረቢያ በሚባለው ሥፍራ ላይ ውቅያኖስ ነበረ። በዳርቻዎቹ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተወለዱ፤ እርስ በርሳቸው ተገጣጠሙ፤ በስተ መጨረሻም የምሥራቁና የምዕራቡ አህጉር ሲጋጩ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ተዋቀረ። ግራናይቶቹና ግራኖዲዮራይቶቹ የዚያ የጠፋ አህጉራዊ ጠርዝ ሥሮች ናቸው።

የምሥራቁ ጉዳይ ግን ለየት ይላል። በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ የሚገኘውን መሠረት፣ እንዲሁም ደቡቡን የመረመሩት ተክላይና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በምሥራቁ ዐለት ውስጥ ከፓን አፍሪካዊው ዘመን እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው የዚርኮን ፍሬዎች መኖራቸውን ገልጸዋል። ባቢሌ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የሚታዩት ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች የቆሙት፣ አሮጌ ቅርፊት እንደ ገና በተሠራበት ምድር ላይ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የቀደሙት ሰዎች «አርኬያን» ሲሉ በሁሉም ቦታ የተሳሳቱ አልነበሩም፤ ስሕተታቸው ለአንድ ክፍል የሚስማማውን ለሁሉም ማልበሳቸው ነው።

ሁለተኛው ጠርዝ

ይፋት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ያለችው። በስተ ምዕራብ ከውቅያኖስ ዳርቻ የተወለደው አዲስ ቅርፊት፣ በስተ ምሥራቅ እንደ ገና የተሠራው አሮጌ ቅርፊት። በ1996 የወጣው የአገሪቱ የሥነ ምድር ካርታ ሁለተኛ እትም ሲገለጥ፣ የመሠረቱ ቀለም በሰሜን ትግራይ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ላይ ደምቆ ይታያል፤ አጣዬና ሸዋ ሮቢት ያሉበት ሰቅ ግን በእሳተ ገሞራና በደለል ቀለም ተሸፍኗል። የሁለቱ ቅርፊቶች ወሰን ከላቫው ሥር ተቀብሯል።

የሸፈነው ነገር ምን እንደ ሆነ በሚገባ ታውቋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል አጭር ጊዜ ውስጥ፣ በብዙ ቦታ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚወፍር የባዛልት ጎርፍ ሰሜን ምዕራቡን ደጋ አለበሰው። ከዚያ በኋላ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራዎች በላዩ ተነሡ። ጣሊያናዊው ብሩኖ ዛኔቲንና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ንጣፎች ሲለዩ፣ ለላይኛው የሰጡት ስም ጣርማ በር የሚለውን ነው። የይፋት ሰው በየቀኑ የሚያልፍበት የተራራ በር ስም በዓለም የሥነ ምድር ጽሑፎች ውስጥ መጠሪያ ሆኖ መግባቱን የሚያውቀው መምህር ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ባዛልቱ መሠረቱን ሸፈነ ሲባል ግን የፕሉቶናዊ ዐለት ታሪክ በዚያ አበቃ ማለት አይደለም። ደረጀ አያሌውና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በወሎ ወገል ጤና አካባቢ የሚገኘው ራዮላይት በአብዛኛው የተገኘው ባዛልታዊው ቅልጥ ዐለት በከርሰ ምድር ሳለ ክሪስታሎቹ እየተለዩ ሲቀሩ እንጂ፣ ጥንታዊው ቅርፊት በመቅለጡ እንዳልሆነ አመልክተዋል። ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ጥቂት ራዮላይት ለማግኘት ብዙ ባዛልታዊ ቅልጥ ዐለት ያስፈልጋል፤ ከእርሱ ተለይተው የቀሩት ክሪስታሎች የት ሄዱ? በጋብሮ መልክ ከታች ቀርተዋል። በ2003 በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ላይ በፍንዳታ በተፈጠረ ሞገድ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጥናትም፣ ከይፋት በስተ ደቡብ በሚያልፈው መስመር ላይ፣ ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር ቅርፊቱ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚወፍርና በግርጌው ሞገድ ፈጥኖ የሚያልፍበት ወፍራም ንጣፍ እንዳለ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ንጣፉን የተረዱት ወደ ላይ ሳይወጣ የረጋ ቅልጥ ዐለት ነው ብለው ነው። ወደ አፋር ሲወረድ ቅርፊቱ እየሳሳ ይሄዳል።

በአፋር ጠርዞች ላይም ከጥንቶቹ ጋር የማይዛመዱ፣ ዕድሜያቸው ሃያና ከዚያ ጥቂት በላይ ሚሊዮን ዓመት የሆነ ግራናይቶች ተገኝተዋል። የፈረንሳይና የጣሊያን ተመራማሪዎች ከ1967 ጀምሮ በአፋር ባደረጓቸው ዘመቻዎች ያስታወቋቸው ናቸው። እነዚህ ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛባቸው፣ አህጉር ሲሰነጠቅ የሚወለዱ ዐይነቶች ናቸው። እንግዲህ ሁለቱም ግራናይት ቢባሉም፣ የነጋሹ ወገን አህጉር ሲገነባ፣ የአፋሩ ወገን አህጉር ሲከፈል የተወለደ ነው፤ ለመለየት የሚያስችለው ዕድሜያቸውና ኬሚስትሪያቸው ነው።

የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ቆላ የዚህ ሁለተኛ ጠርዝ አካል ነው። ከገደሉ ግርጌ ሥር ረዘም ያለ ስምጥ ተፈጥሯል፤ የሥነ ምድር ጠበብት የሮቢት ስምጥ ይሉታል፤ በስተ ሰሜኑ የቦርከና ስምጥ ይቀጥላል። ወንዞቹ ከደጋ ያወረዱት ደለል ስምጡን ሞልቶ፣ ዛሬ ማሽላው፣ ጤፉና የመስኖው አትክልት የሚበቅልበትን ለም መሬት ሠርቷል። ለም መሬትና ሥራ ላይ ያለ ስንጥቅ በአንድ ቦታ መገኘታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ ስምጡ ባይሰምጥ ደለሉ አይቀመጥም ነበር።

ይህ ስንጥቅ በሕይወት መኖሩ በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ታይቷል። ከአጣዬ በስተ ሰሜን በሚገኘው በካራቆሬ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ ትልቁ በመለኪያው ከስድስት ተኩል ገደማ ይደርስ ነበር። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሰነጠቀ። አባ ጉዋን ይህንና ሌሎችን አጥንተው በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ አስፍረውታል። ቅልጥ ዐለት ከምድር በታች ሰርጎ ሲገባ ምን እንደሚሆን ደግሞ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ ታየ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ እስከ 8 ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ በቅልጥ ዐለት ተሞላ፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ገጸ ምድር የወጣው እጅግ ጥቂት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት በስተ ደቡብ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ተመሳሳይ ሁኔታ ተከሥቶ፣ መጠኑ እስከ 6 ገደማ የደረሰ መንቀጥቀጥ አስከትሏል፤ ብዙ ሺህ ሰውም ከቀየው ተነሥቷል።

የዕቅድ ባለሙያው ከዚህ የሚያገኘው ቁም ነገር ቀጥተኛ ነው። የመንቀጥቀጥ ሞገድ በጽኑ ዐለት ውስጥ ሲያልፍና ባልጠጠረ ደለል ውስጥ ሲያልፍ የሚያደርሰው ንቅናቄ እኩል አይደለም፤ በደለሉ ላይ ይበረታል። በይፋት ቆላ ከተሞቹ፣ ትምህርት ቤቶቹና መንገዱ በአብዛኛው ያሉት በስምጡ ወለል ላይ ወይም በገደሉ ግርጌ ነው። በ1953 ዓ.ም. የወደቁት ቤቶች በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ አንድ ፎቅ ብቻ የነበራቸው ነበሩ። ዛሬ በዚያው ደለል ላይ የሚነሡት ሕንፃዎች የብሎኬትና የሲሚንቶ ናቸው፤ ከፍታቸውም ጨምሯል። ስለዚህ ለአንድ ትምህርት ቤት ቦታ ሲመረጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ ደለሉ ምን ያህል እንደሚጠልቅና ጽኑው ዐለት በስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ማወቅ፣ ከግንባታው ወጪ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ሥራ ነው።